ስለ ልጆች አመጋገብና ስለ ሕዋሳታቸው መለያየት

ለሰው ሁሉ አምስት ሕዋሳት ተሰጥተውታል፤ እነዚህም ማየት፥ መስማት፥ ማሽተት፥ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። ቍጥራቸው በሁሉ ዘንድ አንድ ሲሆን ኀይላቸው ግን እንደየሰዉ ይለያያል። አንዱ የማይሰማውን ሽታ ሌላው ከሩቅ ይሰማዋል፤ ለአንዱ የጣመው ለሌላው ይመረዋል።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆን ነገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ተገለጠ። አርተር ፎክስ የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ አንድ ዱቄት ወደ ዕቃ ሲገለብጥ ብናኙ ተነሣ። አብሮት የሚሠራው ሰው አፉን እጅግ እንደ መረረው ተናገረ፤ ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎችን ቢያቀምስ፥ ከፊሉ ምሬቱን ሲያውቅ ከፊሉ የማይሰማው ሆኖ ተገኘ። ይህም ልዩነት ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር እንደሚተላለፍ ኋላ ታወቀ። እንግዲህ በአንድ ማጀት የተሠራው አንድ ወጥ በመሶብ ዙሪያ ለተቀመጡት ሁሉ አንድ ጣዕም የለውም ማለት ነው።

አንዳንድ ልጅ ደግሞ ሕዋሳቱ ሁሉ ከወንድሞቹ ይልቅ የነቁ ናቸው። የበርበሬ ሽታ፥ የእንጨት ጢስና የሰው ጫጫታ ያስጨንቁታል፤ የጐመን ክር በአፉ ቢያገኝ ይተፋዋል። ወላጆቹም ነገሩን ሳይመረምሩ ቀበጥ ነው ብለው ይቈጡታል፤ አንዳንዱም ይመታዋል። ነገር ግን ዱላ የምላስን ስሜት አይለውጥም፤ ገበታውን የፍርሀት ቦታ ያደርገዋል እንጂ።

የመብላት ጊዜና ልክም እንዲሁ እንደየልጁ ነው። ሕፃን በተወለደ በአንድ ዓመት ውስጥ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመት የሞላው ልጅ ደኅና ሆኖ ሳለ የምግብ ፍላጎቱ ቢቀንስ ወላጅ አይደንግጥ። ሆዱም ትንሽ ስለ ሆነ ጥቂት ጥቂት እያለ ደጋግሞ ሊበላ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጡት ለሚጠባ ሕፃን ከ6 እስከ 8 ወር ድረስ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፥ ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ድረስ 3 ወይም 4 ጊዜ ምግብ እንዲሰጠው ይመክራል።

በኢትዮጵያ ልማድ ልጆች ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ይህ መልካም ልማድ ፍቅርን ያስተምራል፤ ነገር ግን አንድ ጕዳት አለበት። ፈጣኑ ልጅ ሦስት ጊዜ ሲጐርስ ዘገምተኛው አንድ ጊዜ ይጐርሳል፤ ገበታው ባለቀ ጊዜ እናቲቱ ሁሉም የጠገቡ ይመስላታል። እንዲህም ሆኖ እህል ባለበት ቤት ልጅ ይከሳል፤ ተማሪ ቤት ሄዶም ያንቀላፋል፤ መምህሩም ረኀቡን ሳያውቅ ሰነፍ ይለዋል።

ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች ለወላጆች የሚከተለውን ቢያስረዱ ይገባል።

1ኛ፤ ዘገምተኛው ልጅ ድርሻው በሳሕን ተለይቶ ይሰጠው፤ እስኪጨርስም አይጣደፍ።

2ኛ፤ የልጆቹ ወጥ በርበሬ ከመብዛቱ አስቀድሞ ይቀነስላቸው።

3ኛ፤ የጠላውን ምግብ በግድ አያጕርሱት፤ በሌላ ቀን ጥቂት ያስቀምሱት። ብዙ ልጅ ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ከቀመሰ በኋላ ይለምደዋል።

4ኛ፤ ጠገብሁ ሲል ይመኑት።

5ኛ፤ እየከሳ ቢሄድ፥ እግሩ ቢያብጥ፥ ወይም መብላትን ፈጽሞ ቢተው ይህ ሕመም ነውና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ጥያቄ።

ሀ. አንድ ወጥ ለሁሉ አንድ ጣዕም የሌለው ስለ ምን ነው?

ለ. በትምህርት ጊዜ የሚያንቀላፋ ተማሪ ቢኖር መምህሩ ከመቅጣቱ በፊት ምን ሊጠይቅ ይገባዋል?