ሞተር ብስክሌትን በጥቂት ወጪ ለነጂው ስለ ማመቻቸት

ከመሐል ሜዳ ጓሳን አቋርጦ ወደ ራቤል የሚወስደው መንገድ፥ ከራቤልም ወደየቀበሌው የሚወርደው ድንጋይ የበዛበት ጥርጊያ ለሞተር ብስክሌት ነጂ ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ የመንዝና የግሼ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ነጂዎች የወገብ ሕመሙንና የእጅ መደንዘዙን የመንገዱ ዕዳ ነው ብለው ችለውት ይኖራሉ። ነገሩ ግን የምቾት ብቻ አይደለም። የደነዘዘ እጅ ፍሬን በጊዜው አይዝም፤ የደከመ ዐይንም ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ቀድሞ አያይም። ወገቡን የሚያመው የልማት ሠራተኛ ሩቁን ቀበሌ ለነገ ያሳድረዋል፤ እስከ ነገ ድረስ ግን በስንዴው ላይ የታየው ዋግ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሞተር ብስክሌትን በትንሽ ወጪ፥ አንዳንዱንም ያለ ምንም ወጪ፥ ለነጂው እንዲመች ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ እናስረዳለን። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አብዛኛው ሰው መቀመጫው ቆረቆረኝ ብሎ መጀመሪያ ስፖንጅ ይገዛል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የጎማው ነፋስ፥ ሁለተኛ ሞላው፥ ሦስተኛ የመሪው አቀማመጥ፥ መቀመጫው በመጨረሻ ነው። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ያለው ሰው ግላሱን ከመለወጡ በፊት ኮርቻው ልኳ መሆኑን እንደሚመረምር ሁሉ፥ እናንተም ከሥር ጀምራችሁ መርምሩ።

1ኛ. ስለ ጎማ ነፋስ

በነፋስ የሚሞላው ጎማ ለሥራ የበቃው በአንድ የእንስሳት ሐኪም እጅ ነው። ይኸውም በአየርላንድ አገር በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋዩ መንገድ እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነፋስ የተሞላ የጎማ ቱቦ በመንኮራኩሩ ላይ ጠመጠመ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የመንገዱን ንዝረት ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ነፋስ ነው።

ለእያንዳንዱ ሞተር የሚገባው የነፋስ መጠን በመመሪያ መጽሐፉ ወይም በሰንሰለቱ መሸፈኛ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች አንድ ሰው ብቻ ሲቀመጥ ከፊት 25፥ ከኋላ 28 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ነው። ነፋሱ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ጎማው በየድንጋዩ ላይ እንደ እንጨት ይነጥራል። በጣም ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ድንጋዩ ቸርኬውን ያጣምመዋል፤ ካላማዳሪውም በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ስለዚህ ለልስላሴ ብላችሁ ነፋሱን ከተጻፈው መጠን በታች አታውርዱ። ልኬቱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይደረግ።

2ኛ. ስለ ሞላና ስለ አሞርዛተር

በአብዛኛው ሞተር የኋላ ሞላዎች ሥር በቁልፍ የሚዞርና ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ሞላውን ለነጂው ክብደት የሚያስተካክል ሲሆን፥ ብዙ ሰው ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። የሚስተካከለውም እንዲህ ነው።

ሀ) ሞተሩን የኋላ ጎማው ከመሬት እስኪነሣ ድረስ በመካከለኛው ማቆሚያ አቁሙ። ከጎማው መሐል ብሎን ቀጥታ ወደ ላይ፥ ከመቀመጫው በታች ባለው ብረት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ መካከል ያለውንም ርቀት ለኩ።

ለ) ቀጥሎ ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዱ። ነጂው ዘወትር ከሚይዘው ጓዝ ጋር ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው መሪውን ይዞ ይደግፈው። ያንኑ ርቀት እንደገና ለኩ።

ሐ) በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ጎማው ሊወጣና ሊወርድ ከሚችልበት ጠቅላላ ርቀት ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ቢሆን መልካም ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንደ ሆነ፥ ልዩነቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ከዚህ ከበለጠ ቀለበቱን አንድ ደረጃ አጥብቁ፤ ካነሰ አላሉ። የግራውና የቀኙ ደረጃ ሁልጊዜ እኩል ይሁን።

አሞርዛተሩ ደኅና መሆኑን ለማወቅ የሞተሩን ኋላ በኃይል ወደ ታች ተጫኑና ልቀቁት። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢረጋ ደኅና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢዘል ግን አሞርዛተሩ አልቋል፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ስፖንጅ አይሸፍነውም። የፊቱም ሹካ ውስጥ ዘይት አለ። ዘይቱ በጎሚኒው በኩል ካንጠባጠበ ወይም ብዙ ዘመን ሳይለወጥ ከቆየ፥ መካኒኩ በመመሪያው መጠን ይለውጠው።

3ኛ. ስለ መሪ አቀማመጥ

መሪውን የያዙትን ብሎኖች ጥቂት አላልታችሁ፥ ስትቀመጡ ክንዳችሁ በመጠኑ ታጥፎ የእጃችሁ አንጓ ቀጥ እስኪል ድረስ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዙሩት። የፍሬንና የፍሪሲዮን መጭመቂያዎችም ጣቶቻችሁ ከክንዳችሁ ጋር በአንድ መስመር ሆነው የሚደርሱባቸው ይሁኑ። ይህ ሥራ ቁልፍ ከመያዝ በቀር ወጪ የለውም። ሲያበቃ ብሎኖቹን እኩል አጥብቁ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ እያዞራችሁም የፍሬኑ፥ የፍሪሲዮኑና የነዳጁ ሽቦ አለመወጠሩን ተመልከቱ።

እጀታው ቀጭን ሆኖ እጅን የሚያደነዝዝ ከሆነ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ተቆርጦ ይልበስበት። ነገር ግን በነዳጅ መስጫው በኩል ያለው ልባስ ከመሪው አካል ጋር እንዳይነካካ ተጠንቀቁ። እጀታው ስትለቁት በራሱ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ልባሱን አውጡ።

4ኛ. ስለ መቀመጫ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተደርጎ መቀመጫው አሁንም የሚቆረቁር ከሆነ የአገራችን መድኃኒት በእጃችን ነው። የመንዝ በግ በጠጉሩ የታወቀ ነው፤ ባናውና ዝተቱ የሚሠራው ከእርሱ ነው። የዚሁ በግ አጎዛ በመቀመጫው ላይ ሲለብስ ጠጉሩ የሰውነትን ክብደት በሰፊው ያከፋፍላል፤ በመካከልም አየር ስለሚያሳልፍ ላብ አይቋጥርም። በአውስትራልያ ሐኪም ቤቶች ብዙ ለሚተኙ ሕሙማን የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባቸው ከሥራቸው አጎዛ የሚነጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

በደንብ የተፋቀና የለሰለሰ አጎዛ ምረጡ። ጠጉሩን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ሸልቱት። በመቀመጫው ልክ ከቆረጣችሁ በኋላ በአራቱ ማዕዘን ጠፍር ሰፍታችሁ ከመቀመጫው በታች እሰሩት። የጠፍሩ ጫፍ ወደ ሰንሰለቱ እንዳይንጠለጠል፥ አጎዛውም የጋለውን ማርሚታ እንዳይነካ ጠብቁ። ዝናብ ሲመጣ ወይም ሞተሩ ውጭ ሲያድር አጎዛው ይፈታ፤ ካልሆነም በታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ባለው ላስቲክ ይሸፈን። የረጠበ አጎዛ ወገብን ያበርዳል፤ ፈጥኖም ይበሰብሳል።

ስፖንጅ የምትጨምሩ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለውን ምረጡ። ለስላሳው የፍራሽ ስፖንጅ በገበያ ሲጫኑት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሰው ሲቀመጥበት እስከ ታችኛው ብረት ይወርዳል። ሣርም ቢሆን ረጥቦ ሲረገጥ እንደ ጭቃ ይጠጥራል። መቀመጫው ከፍ ከማለቱ የተነሣ ሁለቱ እግሮቻችሁ መሬት የማይደርሱ ከሆነ ግን ሥራው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ በድንጋይ ላይ ስትቆሙ ይጥላችኋል።

5ኛ. ስለ ብርድ

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፥ ነፋሱ ገላችሁን ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነ ያህል ያበርደዋል። ብርድና ንዝረት አንድ ላይ ሲሆኑ የጣት ደም ሥር ይኮማተራል፤ ጣትም ይነጣል፥ ይደነዝዛልም።

ለዚህ ከአሮጌ የዘይት ጀሪካን የእጅ መከለያ ይሠራል። ጀሪካኑን ከጎኑ ቆርጣችሁ፥ ስለቱን በአሸዋ ወረቀት አለስልሳችሁ፥ በመስተዋቱ ብሎን ሥር ከእጀታው ፊት እሰሩት። በፍሬኑና በፍሪሲዮኑ መጭመቂያ ፊት ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር። ደረትን በወፍራም ልብስ፥ ጉልበትንም በባና ቁራጭ መሸፈን ይጠቅማል፤ የልብሱ ጫፍ ግን የትም እንዳይንጠለጠል። የራስ መከላከያ ቆብ (ሄልሜት) ሳታደርጉ አትነሡ፤ የተመቸ ሞተር ከውድቀት አያድንምና።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

ሞተሩ ዝቅ እንዲል ብሎ ሞላ መቁረጥ፥ ዋናውን አካል በብየዳ መቀጠል፥ ጭነትን ከኋላ ጎማው መሐል አሳልፎ ወደ ኋላ ማሰር ክልክል ነው። ጭነት ወደ ኋላ ባዘነበለ ቁጥር የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪውም በቁልቁለት አይታዘዝም።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ስታሳዩ በቃል ብቻ አትወሰኑ። አንድ ሞተር፥ አንድ ነጂ፥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ድንጋያማ መንገድ ምረጡ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ በዚያው መንገድ፥ በዚያው ፍጥነት ይነዳ፤ ነጂውም የተሰማውን በደብተር ያስመዝግብ። ሁለት ነገር በአንድነት ከተለወጠ የትኛው እንደ ረዳ አይታወቅም። ማዳበሪያ በሠርቶ ማሳያ መደብ ሲፈተን የምታደርጉትም ይህንኑ አይደለምን? የጎማ ነፋስና የሞላ ማስተካከሉ ብቻ የበቃው ገበሬ ለስፖንጅ ሊያወጣው የነበረውን ገንዘብ ለዘር ያውለዋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ወገቡን የሚያመው ነጂ ከመቀመጫው አስቀድሞ ምን ምን መመርመር አለበት? ለምንስ?

2. ነፋሱ የጎደለ ጎማ በድንጋያማ መንገድ ላይ ምን ምን ጉዳት ያመጣል?

3. የኋላውን ሞላ ለነጂው ክብደት እንዴት ታስተካክላላችሁ? ልኬቱን በተግባር አሳዩ።

4. በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ልባስ ከተደረገ በኋላ የሚደረገው ፈተና ምንድን ነው?

5. በቀበሌያችሁ ካሉት ሞተሮች የአንዱን የጎማ ነፋስ በዚህ ሳምንት ለኩና በመመሪያው ከተጻፈው ጋር አስተያዩ።