ፕራዶ ወይስ የቡና መግዣ? የሚዛን ነጋዴ የመኪና ሒሳብ

በቤንች ሸኮና በሸካ አካባቢ የቡና አቅራቢ የሆነ ሰው ዘመኑ ሲቀናለት ከቤት ቀጥሎ የሚያስበው መኪና ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸዋ ቤንችም ሆነች ሚዛን አማን ወይም ቴፒ በዚህ አይለያዩም። የሚመኘው መኪናም አብዛኛውን ጊዜ ቶዮታ ፕራዶ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። አንዱ መኪና ቤተሰብ ይዞ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ በማግስቱ ጭቃ ረግጦ እሸት ቡና ወደሚታጠብበት ጣቢያ ይወርዳል፤ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ደላላ ተጠርቶ ይሸጣል። ገዥው በአንድ ዋጋ ምቾትን፣ አስተማማኝነትንና የሀብት ማስቀመጫን ገዛሁ ብሎ ያምናል። ሦስቱን ለያይቶ የሚያሰላ ግን ጥቂት ነው።

ከምቾቱ እንነሳ። የመኪና ምቾት ከመቀመጫው ቆዳ ይልቅ ከሥሩ ባለው ብረት ይወሰናል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተመረተው 60 ተከታታይ ላንድክሩዘር በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነበር። በ1990 የመጣው 80 ተከታታይ ባሌስትራውን በሞላ ተካው፤ ቤተሰብ ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ ቀለል ያለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ፕራዶም ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው። በአንጻሩ ሃርድቶፕ የሚባለው ረጅሙ ላንድክሩዘር እስከ ዛሬ ከኋላ ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ጆንያ ሲጫንበት ይረጋጋል፣ ባዶ ሲሆን ይዘላል። ከኋላ በጎን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ልጅ የቦንጋን ጠመዝማዛ ሳይጨርስ ያስመልሰዋል። ስለዚህ "ላንድክሩዘር ሁሉ አንድ ነው" የሚለው የደላላ አነጋገር ሸቀጥ ለሚጭን ሰው እንጂ ለባለትዳር አይሆንም።

ሰባት መቀመጫ ያለው መኪናም ጣጣ አለው። የፕራዶ ሦስተኛ ረድፍ ለልጆች እንጂ ለአዋቂ አይመችም፤ ሲዘረጋ ደግሞ የዕቃ ቦታውን ይወስዳል። ያን ጊዜ ሻንጣውም የማሩ ጀሪካንም ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። በቴፒ ሙቀት ለኋላ ረድፍ የሚደርስ ማቀዝቀዣ መኖሩን ሳያይ የገዛ ሰው ከባለቤቱ ጋር መጨቃጨቁ አይቀርም።

አነስ ያለ በጀት ያለው ነጋዴ ፊቱን ወደ ራቭ 4 ወይም ወደ ሱዙኪ ቪታራ ያዞራል። የመጀመሪያው ራቭ 4 በአስፋልት ላይ ለስለስ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለጭቃና ለዳገት የሚሆን ዝቅተኛ የፎርዊል ማርሽ የለውም። የድሮው ቪታራ ማርሹም ሻንሲውም አለው፤ አጭር በመሆኑ ግን ይንጣል። የጅማ–ሚዛን መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ከዋናው መንገድ ለማይወጣ ቤተሰብ ራቭ 4 በቂ ነው፤ ወደ ቡናው ለሚወርድ ሰው ቪታራ ይሻላል።

ገንዘብ የሚበላው አስተማማኝነት የሚባለው ነው። የቶዮታ ስም ያለ ምክንያት አልተገነባም። የ80ው ላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር የሌለው፣ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ስለነበር ብዙ የክፍለ ሀገር መካኒክ ያውቀዋል። ያ ስም ግን ሳይመረመር ለአዳዲሶቹ ተላልፏል። የፕራዶ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተር በኢንጄክተሮቹ ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበትን ነዳጅ አይታገስም። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የዚሁ ሞተር ቺንጋ እንደተሠራበት ገበያ ከ100 እስከ 150 ሺሕ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር ይኖርበታል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ይጎዳል። ኪሎ ሜትሩ ወደኋላ የተመለሰ መኪና የገዛ ሰው መቼ እንደሚቀይረው በምን ያውቃል? የሻጩን ቃል ከመስማት ቺንጋውን በገዙበት ሳምንት መቀየር ይረክሳል።

እ.ኤ.አ. ከ2015 በኋላ የመጣው 2.8 ሊትር ሞተር ቺንጋው በሰንሰለት ተተክቷል፤ ሌላ ችግር ግን ይዞ መጣ። ወደ አንዳንድ አገሮች የተላከው ሞዴል በጭስ መውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው በረጅም ጉዞ ሲግል ነው። በአውስትራሊያ ባለቤቶች በዚህ ማጣሪያ ምክንያት ቶዮታን ከሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤት ፈርዶላቸዋል፤ ጉዳዩ የነካቸው መኪኖች 264,170 ነበሩ። ከሸዋ ቤንች ሚዛን እየተመላለሰ በአጭር ጉዞ የሚውል መኪና ለዚህ ማጣሪያ የሚስማማ አይደለም። በመሆኑም ገዥ ከቀለሙ በፊት መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ይጠይቅ። ውድ በሆኑት ሞዴሎች ከኋላ በሞላ ፈንታ የተገጠመው የአየር ባሉንም ሲያረጅ ይተነፍሳል፤ መለዋወጫው ከሱማሌ ተራ እስኪመጣ መኪናው ወገቡን ሰብሮ ይቆማል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ደርሶ መልስ 1,120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፕራዶ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይበላል ብንል 112 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ናፍጣ በአዲስ አበባ በሊትር 49.02 ብር ስለነበር ጉዞው 5,490 ብር ይፈጅ ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ዋጋው 98.98 ብር ሲሆን ያው ጉዞ 11,086 ብር ገባ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል።

ይሁንና ትልቁ ወጪ ነዳጁ አይደለም። አንድ አቅራቢ 5 ሚሊዮን ብር አለው እንበል። በለቀማው ወራት ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ቢያዞርና በየዙሩ 4 በመቶ ቢያተርፍ 600 ሺሕ ብር ያገኛል። ገንዘቡ በመስከረም ፕራዶ ሆኖ ግቢ ውስጥ ከቆመ ያ ትርፍ የለም። በ2 ሚሊዮን አነስተኛ መኪና ቢገዛ ግን ቀሪው 3 ሚሊዮን 360 ሺሕ ያመጣለታል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የነበረው ነጋዴ እሸቱን ገዛ፤ ብድር ሲጠብቅ የነበረው ቆሞ አየ። ገደቡ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም ትምህርቱ በብዙዎች ኪስ ላይ ተጽፏል።

"መኪና እኮ ዋጋው አይወርድም" የሚል መልስ ይሰማል። እርግጥ ነው፣ ዋጋውን የሚደግፉ ነገሮች አሉ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የገባው ፕራዶ ብርቅ ሆነ። ነገር ግን ብሩን በዶላር እንመንዝረው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ወደ 125 ተጠግቷል። በ5 ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪና በ10 ሚሊዮን ተሸጠ እንበል። ባለቤቱ ገንዘቤን እጥፍ አደረግሁ ብሎ ይጋብዛል። ሲገዛው ያወጣው 87,700 ዶላር ያህል ነው፤ ሲሸጠው ያገኘው 80,000 ነው። ያውም ቺንጋው፣ ጎማው፣ ቦሎውና ኢንሹራንሱ ሳይቆጠር። ጥሬ ብር ይዞ ከተቀመጠው ጎረቤቱ ግን እጅግ ይሻላል፤ ይህንን መካድ አይቻልም።

አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት የኤሌክትሪክ መኪኖችስ? ለቤተሰብ ምቾት የሚወዳደራቸው ጥቂት ነው። ባለሰባት መቀመጫው ፎልክስዋገን አይዲ 6 ድምፅ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይጠይቅም። ለሚዛኑ ጉዞ 200 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅና አንዱ 10 ብር ቢታሰብ እንኳ ወጪው 2,000 ብር ነው፤ ከናፍጣው አምስት እጅ ያነሰ። ችግሩ ርቀቱ ነው። ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ በትልቁ ባትሪ በቻይና መለኪያ 605 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ያ መለኪያ ግን የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት፣ ሙሉ ቤተሰብና ፖርቶመጋላ አያውቅም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ሳይሞላ ሚዛን እደርሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ዕድሉን ይሞክራል። ከአዲስ አበባ ውጭ የመሙያ ጣቢያ እጅግ ጥቂት ነው፤ ክፍለ ሀገር ላይ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰዓት አይጠይቅም። ብዙዎቹ በግል አስመጪ የገቡ በመሆናቸው የፋብሪካ ዋስትና አይከተላቸውም፤ ስክሪናቸውም ቻይንኛ ብቻ የሆነ አለ። አዲስ አበባ ቤት ኖሮት ልጆቹን እዚያ የሚያስተምር አቅራቢ ለከተማው ኤሌክትሪኩን፣ ለቡናው አሮጌ ቪታራ ቢይዝ የሁለቱ ድምር ከአንድ ፕራዶ ሊያንስ ይችላል። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሊብሬው ላይ የምርት ዘመኑንና የሞተሩን ሲሲ፣ በመኪናው ሥር ደግሞ ሻንሲው መበየድ አለመበየዱን አብሮት የሚሄድ መካኒክ ይየው፤ የደላላው ኮሚሽን የሚከፈለውም ከዚያ በኋላ ነው።