ኔፓል ተራራ ብቻ አይደለችም

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ስለ ኔፓል እንዲያጠና ከትምህርት ቤት ታዟል። የኤቨረስትን ከፍታ በቃሉ ይዟል፤ «ሰዎቹ እንዴት ይኖራሉ?» ስለው ግን ዝም ይላል። እንዴት ላግዘው?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ 8,849 ሜትር የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ ትርጉም አይሰጥም፤ ልጅ ከሚያውቀው ቦታ ጋር ሲያያዝለት ነው የሚገባው። ስለዚህ ከራሱ ከተማ ይነሱ። ካትማንዱ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። የእሱ ሰፈር ከኔፓል ዋና ከተማ በከፍታ እንደሚበልጥ ሲሰማ «ታዲያ ተራራው የት ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ያኔ ወረቀት አውጡና አገሪቱን በሦስት የከፍታ ደረጃ ከፍላችሁ አብራችሁ ሳሉ። ከታች ሞቃቱ የተራይ ሜዳ፦ ሩዝ ይበቅልበታል፤ በቺትዋን በኩል አውራሪስ አለ። መካከሉ ኮረብታ ነው፤ ገበሬው ቁልቁለቱን እንደ ኮንሶ በእርከን ከፍሎ ያርሳል። ከላይ ያክ የሚባለው ከብት የሚረባበት በረዷማው ሂማላያ። ልጁ በየደረጃው ቤት፣ ማሳና እንስሳ ይጨምርበት። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋን ከተማረ አይከብደውም።

አንድ ቀን ምሳ ሩዝ፣ ምስርና አትክልት ይሥሩለት። ዳል ባት የሚባለው ይህ ምግብ የብዙ ኔፓላውያን የዘወትር ገበታ ነው። ሼርፓዎችም የተራራ ጓዝ ተሸካሚዎች ብቻ ሳይሆኑ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ መሆናቸውን ይንገሩት፤ አዋቂዎችም የሚስቱት ነገር ስለሆነ አደራ እላለሁ።