ድንጋይ በሌለበት ቅድስናን ማጥናት፦ ከየሓ እስከ ኦዳ ዶጊ አጭር የጥናት ጉዞ

መግቢያ

የኢትዮጵያ ጥንታዊ የሃይማኖት ቦታዎች ሲዘረዘሩ ዝርዝሩ በአብዛኛው ከአክሱም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወደ ላሊበላ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሐረር ይሻገራል። የመቱ፣ የጎሬ፣ የያዮና የቡሬ ስም በዚህ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በኢሉባቦር የሚገኝን ቅዱስ ቦታ ለማጥናት የሚነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪም ገና ንድፈ ጥናቱን ሲያቀርብ «ለመሆኑ በቦታው ላይ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «የሚታይ ነገር» ስንል በምን ማለታችን እንደ ሆነ ይወሰናል።

ይህ ጽሑፍ በታወቁት ቅዱሳት ከተሞችና ቦታዎች አጭር ጉዞ አድርጎ ወደ ኢሉባቦር ይመለሳል። የሚሟገትለት ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ አንድን ቦታ በትውልዶች መካከል ቅዱስ አድርገው የሚያቆዩት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ጠባቂ፣ የታወቀ ጊዜ፣ የታወቀ መንገድና ክልከላ ናቸው። ሕንፃ የዚህ ሥርዓት ማስረጃ ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ ሥርዓቱ ግን ያለ ሕንፃም ይኖራል። ሕንፃ በሌለበት ስፍራ ማስረጃው በሰው ትውስታና በደን ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አጥኚው የሚዘገይበት ጊዜ የለውም።

በድንጋይ የጸናው፦ የሓ፣ አክሱም፣ ላሊበላ

ጉዞው ከየሓ ይነሣል። ከዓድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ታላቁ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ግድም፣ ያለ ጭቃ በተገጣጠሙ ትልልቅ ጥርብ ድንጋዮች ተሠርቶ፣ በደቡብ ዐረብም ይመለክ ለነበረው ለአልመቃህ የተሰየመ ነበር። ዛሬ በዚያው ግቢ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከዘጠኙ ቅዱሳን በአንዱ፣ በአቡነ አፍጼ ስም ይጠራል። አምልኮው ተለውጧል፤ ሰው ለጸሎት ወደዚያ ግቢ መሄዱ ግን አልተለወጠም።

በአክሱም ይህ ዓይነቱ ለውጥ በሳንቲም ላይ ሳይቀር ተመዝግቧል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛና ቀድሞ ባስወጣቸው ሳንቲሞች ላይ የጨረቃና የክበብ ምልክት ይታይ ነበር፤ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በወጡት ላይ ግን መስቀል ተተካ። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ የበለጠ ትኩረት የሚያሻው የርእሰ አድባራት ጽዮን ማርያም ጉዳይ ነው። ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ጠፍቷል፤ ዛሬ «አሮጌው» የሚባለው ሕንፃ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው፤ «አዲሱ» ደግሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራ ነው። ይህን በማየት የአክሱምን ቅድስና በ17ኛው መቶ ዓመት የሚጀምር ተመራማሪ የለም። ስፍራው፣ በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን የሚከበረው በዓልና ሴቶች ወደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን እንዳይገቡ የሚደነግገው ክልከላ የሥርዓቱን ቀጣይነት ያሳያሉና። ሕንፃው ታደሰ እንጂ ቦታው አዲስ አልሆነም። ይህን ነጥብ አንባቢው እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ኢሉባቦር ስንደርስ እንመለስበታለን።

ላሊበላ፣ በቀድሞ ስሙ ሮሓ፣ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች መካከል ናቸው። ከዐለቱ ጋር የስም ሥርዓትም አለ፤ በመካከል የሚያልፈው ውኃ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታም በዚያው ይገኛል። ተሳላሚው በልደት በዓል በእግሩ ሲደርስ የሚሄድበት መሬት በኢየሩሳሌም ስሞች የተነበበ መሬት ነው። የስሞቹ ካርታ ባይኖር ዐለቱ ድንቅ የጥርብ ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ ቅድስት ከተማ ግን አይሆንም።

ግንብ፣ መቃብርና ዋሻ፦ ሐረር፣ ድሬ ሼክ ሁሴን፣ ሶፍ ዑመር

ወደ ምሥራቅ ስንሻገር ሐረር በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው ጀጎል ተከባ እናገኛታለን። አምስቱ ነባር በሮች፣ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮችና መዘከሪያዎች በአንድ ጠባብ ከተማ ውስጥ መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ቅርስነት እንድትበቃ ካደረጓት ምክንያቶች መካከል ነው። ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ዓመት የቆዩ እንደ ሆኑ ይነገራል። ከመዘከሪያዎቹ አንዳንዶቹ ታላላቅ ሕንፃዎች አይደሉም፤ ዛፍና ጥቂት ድንጋይ ብቻ ያላቸውም አሉ። በቁጥሩ ውስጥ የገቡት ስማቸውን የሚጠራ፣ ደጃቸውን የሚጠርግና ዚክር የሚያወጣ ማኅበረሰብ ስላላቸው ነው።

በባሌ የሚገኘው ድሬ ሼክ ሁሴን በእስልምና መስፋፋት ታሪክ ስማቸው ከሚነሣው ከሼክ ሁሴን ጋር የተያያዘ ነው። በኖራ የነጣው መካነ መቃብር ይታያል፤ የቦታውን ኃይል የሚያሳየው ግን መንገዱ ነው። ተጓዦች ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው፣ የሼኩን ውዳሴ እያዜሙ ረጅም ጉዞ ያደርጋሉ። በትሩና ዜማው ከመቃብሩ ብዙ ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎችም ይታወቃሉና፣ የቦታው ወሰን ከአጥሩ እጅግ ይሰፋል።

ከዚያው ሳንርቅ ሶፍ ዑመርን እናገኛለን። የዌብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጾ የፈለፈለው ይህ ዋሻ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ሲኖረው፣ ስሙን ያገኘው በዚያ እንደ ተጠለሉ ከሚነገርላቸው የሃይማኖት ሰው ነው። ዓምዶቹን ሰው አላቆማቸውም፤ ጣሪያውንም ሰው አልሠራውም። ቅዱስ ለመባል ግን ያገደው ነገር የለም። በጉዞአችን ከሕንፃ ወደ ተፈጥሮ የምንሻገርበት ድልድይ ይህ ዋሻ ነው።

ወደ ኢሉባቦር መመለስ

ኢሉባቦር ከሰሜኑ የድንጋይ አገር በአፈርና በአየር ይለያል። ጎሬና አካባቢዋ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ። በእንዲህ ያለ አገር ቤት የሚሠራው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ነው፤ እርጥበትና ምስጥም ጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አፈር ይመልሱታል። ስለዚህ የጥንት ፍርስራሽ አለመታየቱ የጥንት ሥርዓት አለመኖሩን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው በመጀመሪያ የግንባታውን ቁስና የአየሩን ጠባይ ነው።

ኦዳ ዶጊን እንውሰድ። ኦዳ የሾላ ዛፍ ነው፤ በኦሮሞ ሥርዓት የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚነገርበትና ምርቃት የሚሰጥበት ጥላ ነው። ጸሎቱ ለዋቃ ይቀርባል፤ ዛፉም ለጉባኤው ጥላና ምስክር ይሆናል። በኢሉባቦር ኦሮሞ ዘንድ የገዳ መሰብሰቢያ ሆኖ የሚታወሰው ኦዳ ዶጊ «ጥንታዊ» ነው ሲባል፣ «ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። እዚህ ላይ ወደ አክሱም እንመለስ። የጽዮንን ቅድስና በቆመው ሕንፃ ዕድሜ ካልለካን፣ የኦዳን ጉባኤ በቆመው ዛፍ ዕድሜ የምንለካበት ምክንያት የለም። ዛፍ ይወድቃል፤ ሌላም ይተካል። መጠናት ያለበት የጉባኤው ቀጣይነት ነው።

የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የያዮ የቡና ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ በሚሸፍን ይዞታ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ሁለቱ መዝገቦች ግን በየፊናቸው ይኖራሉ፤ አንዱ ስለ ሥርዓት፣ ሌላው ስለ ብዝኀ ሕይወት ይናገራል። በመካከላቸው የሚወድቀው ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ዛፍ፣ የወንዝ መሻገሪያና ኮረብታ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጥምር እርሻው፣ ትክል ድንጋዮቹና የተከበሩት ደኖቹ በአንድነት ታይተዋል። በኢሉባቦርም ሥርዓትንና ደንን አንድ ላይ የሚያነብ ጥናት ሊሠራ እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከመቱ ብዙም የማትርቀው ጎሬ ደግሞ ቅድስና በቅርብ ዘመንም እንደሚጸና ታስተምራለች። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ይህች ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ የጊዜያዊው መንግሥት መናገሻ ሆናለች። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ጦር የተገደሉት በዚችው ከተማ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በአዲስ አበባ መካከል ቆሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ የጎሬው ሰማዕት ስም ግን በአገር አቀፍ ትውስታ ያን ያህል አይሰማም። የልዩነቱ መነሻ የመሥዋዕትነቱ መጠን አይደለም፤ የዋና ከተማ አደባባይና የዳር አገር ከተማ ልዩነት ነው።

ለመስክ ሥራ የሚሆኑ መመሪያዎች

ከላይ የተነሡት አራት ነገሮች በመስክ ወደ አራት ጥያቄዎች ይለወጣሉ፦ ቦታውን ማን ይጠብቃል፣ ሥልጣኑንስ ከማን ተቀበለ? በየትኛው ወቅት ይኬዳል? በየት በኩል ይደረሳል፣ መንገድ ላይስ የት ይታረፋል? በዚያ ምን ማድረግ ነውር ነው? መልሶቹ ከተለያዩ ሰዎች ተሰብስበው ሲገጥሙ የሥርዓቱን ቅርጽ ያሳያሉ፤ ሲጋጩም ግጭቱ ራሱ ስለ ቦታው ታሪክ ይናገራልና መመዝገብ አለበት።

የዘመን ቆጠራ ቀጣዩ ችግር ነው። የገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ስለሚተላለፍ የአባ ገዳዎች ቅደም ተከተል ለቃል ታሪክ የጊዜ መሰላል ይሆናል። ይሁን እንጂ መሰላሉ ብቻውን አይበቃም፤ ሥርዓቱ የተቋረጠባቸው ዘመናት ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በሌላ ምንጭ በታወቀ ክስተት መታሰር ይኖርበታል። ለምሳሌ «ይህ የሆነው ጣልያን ጎሬ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ ትውስታን ከ1929 ዓ.ም. ጋር ያያይዛል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የሥነ ምግባር ነው። የአንዳንድ ስፍራዎች ትክክለኛ አድራሻ ለሁሉ እንዲገለጥ ጠባቂዎቹ አይፈቅዱም፤ ፈቃዳቸውም ከጥናቱ በፊትና ከኅትመቱ በፊት ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለበት። የደን ካርታ በሚዘጋጅበት ጊዜም የሥርዓት መንገዶች ከጠባቂዎቹ ጋር ተመክሮባቸው መታየት ይኖርባቸዋል። አለዚያ ደኑን ከምሳር የሚያድነው ክልከላ፣ ደኑን ለዘመናት ያከበሩትን ሰዎች ከጸሎት ስፍራቸው ሊያግዳቸው ይችላል።

ማጠቃለያ

የየሓ ድንጋይ ከ2,600 ዓመት በላይ ተመራማሪን ጠብቋል፤ ወደፊትም ይጠብቃል። የኢሉባቦር ማስረጃ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። አንድ ሾላ ተቆርጦ መሬቱ ለእርሻ ሲውል፣ የመሻገሪያውን ስም የሚያውቁ አረጋዊም ሲያልፉ፣ ኋላ የሚመጣ አጥኚ ቆፍሮ የሚያገኘው ነገር አይኖርም። ስለዚህ በመቱና በአካባቢዋ ለሚማር የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመጀመሪያው የመስክ ጉዞ እስከ አክሱም መርዘም የለበትም፤ በሚቀጥለው የበጋ ወራት፣ መቅረጫ ድምፅና ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ አባቶች በሚቀመጡበት ጥላ ሥር መቀመጥ ይበቃዋል።