ደብተርሽን አየሁት

ሚጡዬ፣ ሆን ብዬ አይደለም። ቻርጀር ስፈልግ ትራስሽን ባነሣው ደብተሩ ወደቀ፤ ወድቆም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ግን ሆን ብዬ ነው። ታላቅ እኅት ሆና የማታነብ ካለች አሳዪኝ።

በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነው። ጥሞና፣ ጸሎት በደቂቃ፣ ንባብ በምዕራፍ፣ ጾም፣ ምስክርነት። ሰኞ አምስቱም ላይ ራይት አለ። ማክሰኞ ሁለት ኤክስ። ረቡዕ ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ ሳምንቱን ስላበላሸሽው ጌታን ይቅርታ ጠይቀሻል። ረቡዕ እኮ ትኩሳት ይዞሽ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰክቶልሽ የዋልሽበት ቀን ነው!

ፕሮግራም መያዝሽን አልጠላሁትም፤ እኔም ባልዝረከረክ ደስ ይለኝ ነበር። የከነከነኝ ቀዩ እስክሪብቶ ነው። የባለሱቃችንን የዱቤ መዝገብ መሰለኝ። ዱቤ የበዛበት ሰው እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ በሱቁ በር ላለማለፍ በጀርባ ይዞራል። ሦስት እሑድ ሙሉ ራሴን አመመኝ እያልሽ ከቤተ ክርስቲያን የቀረሽው ለዚህ ነው፣ አይደል?

በጸጋ ድኛለሁ ብለሽ በጉባኤ ፊት የመሰከርሽው አንቺ ነሽ። ያን ቀን ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ታዲያ በነጻ በተሰጠሽ ቤት ውስጥ ኪራይ መክፈል የጀመርሽው መቼ ነው?

ዛሬ ማታ የገላትያን መልእክት አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቢው። ስድስት ምዕራፍ ናት፤ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች። ጳውሎስ ያ ሁሉ ጉድ ላለባቸው ለቆሮንቶስ ሰዎች እንኳ የመጀመሪያውን መልእክቱን ሲጽፍ ስለ እነርሱ አምላኩን አመስግኖ ነው የጀመረው። ለገላትያ ምስጋና የለም፤ ሰላምታው እንዳለቀ ተግሣጽ ነው። በዝሙት ወይም በስርቆት አልነበረም የተቆጣቸው። በእምነት የጀመሩትን በግርዘት ሊጨርሱት ስለ ተነሡ ነው። አንቺም የጀመርሽውን በሠንጠረዥ ልትጨርሺው ነው።

ለነገሩ አብርሃምን ተመልከቺው። እግዚአብሔርን አምኖ ጽድቅ የተቆጠረለት ዘፍጥረት 15 ላይ ነው፤ የተገረዘው 17 ላይ። በመካከሉ እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር፣ ሲገረዝ ደግሞ 99። ቀንሺው፤ ሒሳብ ከእኔ ትሻያለሽ። ቢያንስ 13 ዓመት ሳይገረዝ ጻድቅ ተብሎ ኖሯል። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በ4ኛው ምዕራፍ ሙግቱን ሁሉ ያቆመው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ መጀመሪያ ተቀባይነት፣ ከዚያ ምልክቱ።

«ታዲያ ሥራ አያስፈልግም?» ልትዪኝ አፍሽን ስትከፍቺ ይታየኛል። ኤፌሶን 2ን ስንጠቅስ ሁላችንም 8ና 9 ላይ ቆመን እንጨበጭባለን። እስከ 10 ሂጂ። እዚያ ለመልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን ተጽፏል። በሥራ አልዳንሽም፤ ለሥራ ግን ድነሻል። በ እና ለ፤ የአንዲት ፊደል ነገር ናት፣ ስንት ሰው ግን በእርሷ ተጣልቷል። ሉተር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1522 ባወጣው አዲስ ኪዳን መቅድም ላይ፣ ስለ ሥራ አጥብቆ የሚናገረውን የያዕቆብ መልእክት ከገለባ ቆጠረው። እኔ ችኮላ ነበር እላለሁ። ያዕቆብ የሚነቅፈው ለተራበ ወንድም ደኅና ሁን ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝን እምነት ነው፤ ይህን ጳውሎስም አይወደውም።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ዝም ብዬ ሰንብቻለሁ፤ ደብተሩን ካየሁ በኋላ ግን አልቻልኩም።

ባለፈው ዓርብ፣ በሁዳዴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አፏ ሳይገባ ልብስ ስታጥብ ውላ ወደ ቅዳሴ ልትወጣ ነጠላዋን ስትለብስ አንቺ እንቁላል በቅቤ ጠበስሽ። መጥበሻው ተንጫጫ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። በሩ ላይ ቆም አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች። ምንም አልተናገረችም። አንቺ ግን፣ «እማዬ፣ በሥራ መዳን የለም እኮ!» አልሻት። ማታ ደግሞ ደብተርሽ ላይ ምስክርነት በሚለው ረድፍ ራይት አድርገሻል። በዓይኔ አየሁት።

እስቲ ከሁለታችሁ ሒሳብ የምትይዘው ማን ናት? እማዬ ሌሊት ተነሥታ እግዚኦታዋን ስታደርስ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። የምትለምነው ምሕረት ነው። ደመወዝ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ድምፅ አይጠይቅም።

የእርሷና የእኛ ትምህርት አንድ ነው አላልኩም። ጾምና ምሥጢራት በመዳን ውስጥ ባላቸው ቦታ ላይ አንስማማም፤ ይህን እኔም እርሷም እናውቃለን። ግን ያው ሉተር፣ ያ ችኩሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ መጥቶ ሲያነጋግረው የሥርዓት ልዩነቱን ምክንያት አድርጎ አላባረረውም። ስለ ሥላሴና ስለ ቅዱስ ቁርባን ተነጋገሩ፤ ሲሄድም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኘው። አንቺ የወለደችሽን በእንቁላል ሸኘሻት።

ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው ያለው ጳውሎስ ራሱ፣ በሮሜ 14 ላይ ወንድምህን በመብል አታሳዝነው ይላል። አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን በሰው ፊት የገሠጸውም በማዕድ ጉዳይ ነበር፤ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ስለ ሸሸ። የወንጌል ነገር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ገበታ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ነው።

በመንፈስ መኖር ሲባል አንቺ ጉባኤው ትዝ ይልሻል፤ ኪቦርዱ፣ ለቅሶው፣ መውደቁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በአንቺ ዕድሜ በአንድ ኮንፈረንስ ላይ አገልጋዩ እጁን ጭኖብኝ በልሳን ካልተናገርሽ መንፈስ አልሞላሽም አለኝ። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ይናገራሉ። እኔ ምንም የለም። በመጨረሻ አፍሬ ከአጠገቤ ከነበረችው ልጅ ሦስት ድምፅ ሰምቼ እነርሱን ደጋገምኩ። ተጨበጨበልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ውሸት ስሠቃይ ኖርኩ። 1ኛ ቆሮንቶስ 12ን እስከ መጨረሻው ያነበበልኝ ሰው አልነበረም፤ ጳውሎስ እኮ ሁሉ በልሳን ይናገራልን ብሎ የሚጠይቀው መልሱ «አይደለም» እንደሆነ እያወቀ ነው። ልሳንን አልንቅም፤ እኔ የተናገርኩት ግን ልሳን አልነበረም።

ገላትያ 5 ላይ የሥጋ ሥራዎችን ዝርዝር ስታገኚ በጣትሽ ቁጠሪያቸው። ጥል፣ ክርክር፣ ቅንዓት፣ ቁጣ እያለ ሲወርድ ስምንቱ ሰው ከሰው ጋር የሚጣላባቸው ናቸው። እኛ ግን መጨረሻ አካባቢ ያለችውን ዘፋኝነት የምትለዋን ቃል ይዘን ስንት ዓመት ሰበክንባት! በግሪኩ ቃሉ የስካር ፈንጠዝያን የሚያመለክት ነው፤ በስልክሽ ውስጥ ስላለው ዘፈን የተጨነቅሽውን ሩቡን ያህል እንኳ ለእማዬ በመለስሽላት መልስ አልተጨነቅሽም። ከዚያ የመንፈስን ፍሬ እዪ። ዘጠኝ ነገር ተዘርዝሮ «ፍሬዎች» አይልም፣ «ፍሬ» ነው የሚለው። ከዘጠኙ ደግሞ አንዱም ብቻሽን ክፍል ዘግተሽ የሚታይ አይደለም። ትዕግሥትሽን ማን ላይ ትለኪዋለሽ? ትራስሽ ላይ?

በመንፈስ መመላለስ የሚለውን አማርኛ እወደዋለሁ። መመላለስ መብረር አይደለም። ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ፣ ውኃ ቀድቶ መመለስ ነው። በአንድ ቀን ሃምሳ ጊዜ ትመላለሻለሽ፤ አንድ ሁለቴ ትደናቀፊያለሽ፤ የተደናቀፈ ሰው ደግሞ ቤቱ የእርሱ መሆኑ አይቀርም። ሮሜ 8ን አስቢ፤ የተቀበልነው የልጅነት መንፈስ ነው፣ አባ ብለን የምንጠራበት። ልጅ አባቷ ቤት ስትገባ ደረሰኝ አታሳይም።

ደብተሩን አቃጥዪ አልልሽም። ሠንጠረዡን ተዪውና ያነበብሽው የነካሽን ነገር ጻፊበት። ቀዩን እስክሪብቶ ግን ወስጄዋለሁ።

በይ ተነሺ። ቅዳሴው ሊወጣ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል፤ እማዬ ደክሟት ትመጣለች። ሽሮዋን ዛሬ አንቺ ሥሪላት፤ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ዘይቱ ከምድጃው ጎን ነው። ይቅርታውን ስትበላ ትጠይቂያታለሽ። ማንኪያውን ግን መጀመሪያ በደንብ እጠቢው፤ ትናንት ቅቤ ነክቶታል።