ተንጠልጥላ ስለምትቀረው ሚስትና ከፍቺ በፊት ስለሚጻፈው ውል

 

እናንተ ምእመናን ሆይ! ይልቁንም እናንተ በንግድ የምትተዳደሩ ወገኖች! ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ አጻጻፍ የወረደው የበቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከእናንተ አንዱ አንድ ጣቃ አቡጀዲ በዱቤ ሲሰጥ ቀኑን ይጽፋል፤ የመክፈያውን ጊዜ ይወስናል፤ ምስክር ያቆማል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው ከሚስቱ ጋር አልስማማ ባለ ጊዜ ልብሱን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ወይም እርሷን ወደ ወላጆቿ ቤት ይሰዳታል፤ ቃልም አይናገር፣ ወረቀትም አይጽፍ። ዓመት ያልፋል፤ ሁለተኛውም ይከተላል። ሴቲቱ ባል አላት እንዳይባል የሚቀልባት የለም፤ ባል የላትም እንዳይባል ሌላ ሊያገባት አይፈቀድም። ለአንድ ጣቃ ጨርቅ የተጠነቀቀው ሰው ለአንዲት ነፍስ አልተጠነቀቀም።

ቁርኣን ይህችን ሴት በስም ጠርቷታል። በኒሳእ ምዕራፍ በ129ኛው አንቀጽ ላይ «ሙዐለቃ»፣ ማለትም የተንጠለጠለች፣ ትባላለች። አንቀጹ የወረደው ከአንድ በላይ ሚስት ስላለው ሰው ነው፤ የተፍሲር ሊቃውንት ግን ቃሉን ሲያብራሩ እንዳልተፈታች፣ እንዳላገባችም ሆና የቀረች ሴት ናት ብለዋል። እንዲህ ያለችው ሴት ባሏ አንድ ሚስት ብቻ ቢኖረውም ትገኛለች።

መለያየት በራሱ የተከለከለ አይደለም። ባልና ሚስት ቁጣቸው እስኪበርድ ድረስ በየፊናቸው ቢቀመጡና ነገራቸውን በእርጋታ ቢመረምሩ ከፍቺ የቀለለ ነው። የሚያስፈራው ወሰን የሌለው መለያየት ነው። አላህ ሚስቱን ላለመቅረብ የማለ ሰው ከአራት ወር በላይ እንዲያቆያት አልፈቀደም፤ በበቀራ ምዕራፍ በ226ኛውና በ227ኛው አንቀጾች እንደተደነገገው አራቱ ወር ሲያልቅ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይፈታል። ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሂጅራ የገዙት ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብም ከሚስቶቻቸው ርቀው ስለቆዩ ሰዎች ለጦር አዛዦቻቸው ጽፈው ነበር። ትእዛዙም፦ ወይ ቀለቧን ይላኩ፣ ወይ ይፍቱ፤ የፈታም ሰው ያለፈውን ጊዜ ቀለብ ይላክ የሚል ነበር። ይህ የተጻፈው በዘመቻ ላይ ለነበሩ ሰዎች ነው። ለትርፍ ሲል ከገበያ ወደ ገበያ የሚዞር ሰው ከእነዚያ የበለጠ ምክንያት አለኝ ሊል እንዴት ይችላል?

እንግዲህ የተጣሉ ባልና ሚስት የሚገቡበት የመጀመሪያው በር ሽምግልና ነው። በኒሳእ ምዕራፍ በ35ኛው አንቀጽ ከባል ቤተሰብ አንድ፣ ከሚስት ቤተሰብ አንድ ዳኛ እንዲላክ ታዟል። በዐሊይ ኢብን አቢ ጣሊብ ዘመን ሁለት ዳኞች በአንድ ባልና ሚስት መካከል ሲቀመጡ፣ ሚስቲቱ የሚፈርዱትን ሁሉ እቀበላለሁ አለች፤ ባልየው ግን ዕርቁን እንጂ መለያየቱን አልቀበልም አለ። ዐሊይም እርሷ የተቀበለችውን እርሱም እስኪቀበል ድረስ አለቀቁትም። ከዚህ ወሬ ሊቃውንት ሁለት አሳብ አወጡ። ኢማም ማሊክ ዳኞቹ ፈራጆች ናቸውና ማለያየትም ይችላሉ ብለዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋና በታወቀው ቃላቸው ኢማም ሻፊዒይ ደግሞ ዳኞቹ ወኪሎች ናቸውና ባልየው ካልወከላቸው መፍታት አይችሉም ብለዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ከመቀመጣቸው በፊት ሥልጣናቸው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ። ይህ ባለመደረጉ ብቻ የስንት ሽማግሌ ድካም በመጨረሻው ቀን ውኃ በልቶታል!

ሁለተኛው በር በዚያው ምዕራፍ በ128ኛው አንቀጽ የተከፈተው የዕርቅ ስምምነት ነው። ባሏ እንዳይጠላት ወይም ፊቱን እንዳያዞርባት የፈራች ሴት ከእርሱ ጋር በስምምነት ብትታረቅ በሁለቱም ላይ ኃጢአት የለባቸውም። የምእመናን እናት ዓኢሻ አንቀጹን ሲያስረዱ፣ ባሏ ሊፈታት ያሰበ ሴት ከመብቷ ጥቂት ለቅቃለት በትዳሯ ስለምትቆይበት ሁኔታ የወረደ ነው ብለዋል። ሰውዳ ቢንት ዘምዓም የራሳቸውን ተራ ለዓኢሻ መልቀቃቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ከዚህም መብቱ የሚስት ንብረት እንደሆነና በገዛ ፈቃዷ ልትለቀው እንደምትችል እንማራለን።

ነገር ግን የለቀቀችው ለዘላለም ነውን? ብዙዎቹ ሊቃውንት ያለፈውን ተራና ያለፈውን ቀለብ የተወች እንደሆነ ተመልሳ አትጠይቅም፤ ስለሚመጣው ግን በፈለገች ጊዜ መብቷን ታስመልሳለች ብለዋል። ይህ መብት በየቀኑ የሚወለድ ነውና፣ ያልተወለደ ነገር አይሰጥም። ከኋለኞቹ ሊቃውንት መካከል በስምምነቷ ጸንታ መቆየት ይገባታል ያሉም አሉ። የእኔ ልብ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል፤ ችግር ያስፈረማት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ቀን ፊርማ መታሰር የለባትም።

በውሉ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ለነጋዴ ማስተማር አያስቸግርም። መለያየቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ሚስቲቱ የምትቀመጥበት ቤት፣ የወሩ ቀለብ መጠን፣ ልጆች የሚኖሩበትና አባታቸው የሚጠይቃቸው ቀን ይወሰናል። በኒካሕ ጊዜ ለኋላ የቀረ መህር ካለም እንደ ማናቸውም ዕዳ በቁጥሩ ይመዘገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የንብረቱ ነገር ነው። በሸሪዓ የሚስት ገንዘብ የሚስት ነው፤ የባልም የባል ነው፤ ጋብቻ ብቻውን ሁለቱን አይቀላቅልም። ነገር ግን ስንቷ ሴት ወርቋን ሸጣ ሱቁን ከፍታለች! ያ ገንዘብ ብድር ነው፣ ሽርክና ነው ወይስ ስጦታ? ብድር ከሆነ የሰጠችው ያህል ይመለስላታል፤ ሱቁ ቢያተርፍ አይጨመርላትም፣ ቢከስርም አይቀነስባትም። ሽርክና ከሆነ ዕቃው ይቆጠራል፤ በሱቁ ላይ ያለው ዕዳና ሱቁ ከሰው የሚፈልገው ይሰላል፤ ትርፉም ኪሳራውም በየድርሻቸው ይደርሳቸዋል። ስጦታ ሆኖ ባልየው ከተረከበው ግን የእርሱ ሆኗል። ፍቅር ባለበት ቀን ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ጥል በመጣ ቀን ደግሞ ሁለቱም የሚያስታውሱት ለየራሳቸው የሚበጀውን ነው። ስለዚህ የመለያየቱ ውል ሲጻፍ፣ ልብ ፈጽሞ ሳይሻክር፣ ይህ ጥያቄ ይቅረብ፤ መልሱም በምስክር ፊት ይመዝገብ።

በዚህ መካከል አንድ ክፉ ልማድ አለ። ሚስቱን መፍታት የሚሻ፣ መህሯን መክፈል ግን የማይሻ ሰው ቀለቧን ይቀንሳል፤ ይሰድባታል፤ በመጨረሻም ራሷ መህሬን ትቻለሁ፣ ልቀቀኝ እንድትል ያደርጋታል። ከዚያም ስምምነት ነው ብሎ ያስፈርማታል። በኒሳእ ምዕራፍ 19ኛው አንቀጽ የሰጡትን ለማስመለስ ሲባል ሚስትን ማጨናነቅን ከልክሏል፤ 20ኛውም የተሰጣት ክምር ገንዘብ ቢሆን እንኳ ከእርሱ ምንም እንዳይወሰድ አዟል። ኢማም ማሊክ ባልየው በድሏት ገንዘብ የተቀበላት እንደሆነ መለያየቱ ይጸናል፣ ገንዘቡ ግን ይመለስላታል ብለዋል። የሣቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። እርሷ በሃይማኖቱና በጠባዩ እንደማትነቅፈው፣ ነገር ግን ከእርሱ ጋር መኖር እንዳልቻለች ለነቢዩ ነገረች፤ የሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልሺለት እንደሆነ ሲጠይቋት እሺ አለች፤ ሣቢትም ተቀብሎ እንዲፈታት አዘዙት። ኹልዕ የሚባለው ይህ ነው። የመለያየቱ ፍላጎት የመጣው ከሴቲቱ ልብ እንጂ ከባሏ ጡጫ አልነበረም። ባል ከሰጣት በላይ መቀበሉንም ብዙዎች ጠልተውታል።

ጸሐፊዎችም ከሁለት ስሕተት ይጠበቁ። አንደኛው፣ እስከዚህ ቀን ካልመጣሁ የተፈታሽ ነሽ የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ በአራቱም መዝሀቦች ዘንድ የታወቀ የተንጠለጠለ ጦላቅ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ሰውየው መንገድ ላይ ቢሆን እንኳ ፍቺው ይወድቃል። በዚህ ፋንታ ቀኑ ሲያልቅ ጉዳያችንን ወደ ቃዲ እናቀርባለን ይባል። ሁለተኛው፣ የመለያየትን ጊዜ እንደ ዒዳ መቁጠር ነው። ሁለት ዓመት ተለያይተው ቢኖሩም ዒዳ የሚጀምረው ከፍቺው ቀን ነው፤ ይህን ባለማወቅ በፍቺዋ ማግሥት ሌላ ያገባች ሴት ጋብቻዋ ብልሹ ነው። በሚመለሱበት ጦላቅ ውስጥ ዒዳዋ እስኪያልቅ ቤቱም ቀለቡም ይገባታል።

የልጆች ቀለብ የእናት ንብረት አይደለምና በእርሷ ፊርማ አይሰረዝም። ልጁን ራሴ እቀልባለሁ ብላ ብትስማማና በኋላ ድህነት ቢደርስባት፣ ልጁ ሲራብ አባት ወረቀቱን አሳይቶ ሊያመልጥ አይችልም።

(የተርጓሚው ማሳሰቢያ፦ በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ፈቅዷል፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1992 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 188 ተጠናክረው ተደራጅተዋል። ዳኝነቱ በሁለቱም ፈቃድ ላይ የቆመ ስለሆነ ባልና ሚስቱ ይህን ፈቃዳቸውን በውሉ ላይ ቢገልጡት አሳባቸው በጽሑፍ ይታወቃል።)

የተወሰነው ጊዜ ሳያልቅ ባልና ሚስቱ ቢታረቁስ? ጦላቅ አልተነገረምና ኒካሓቸው እንደነበረ ነው፤ አዲስ ኒካሕም አዲስ መህርም አያስፈልግም፤ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የመለያየቱ ቃል በዚያው ይቀራል። ባልየው በምስክር ፊት ያመነው የወርቁ ብድር ግን እስኪከፍላት ወይም በፈቃዷ እስክትምረው ድረስ በእርሱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይኖራል። ወላሁ አዕለም።