ከዕቃ ዝርዝር እስከ ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ

ሐሙስ ማታ ቂርያት ጋት ውስጥ በብዙ ቤት እናት ትናገራለች፣ ልጅ ይጽፋል። ጤፍ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ዘይት፣ ዶሮ። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዕብራይስጥ። ለማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን አጭር ቪዲዮ ሥሩ ስንባል፣ ርእስ ፍለጋ ሩቅ ሳንሄድ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈችውን ይህችን ወረቀት አነሣን። መሞከር ለምትፈልጉ ያየነውን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈብን። ሱፐር ገብተን መደርደሪያውን ቀረጽን፣ ሙዚቃ ጨመርንበት፤ የሱቅ ማስታወቂያ መሰለ። ዝርዝሩን የሚያወጡትን እናት ረስተናቸው ነበር።

ስለዚህ ካሜራውን ትተን በድምፅ ጀመርን። ከአንዳችን እናት ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠን፣ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እንዲነግሩን ለመንናቸው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጥያቄ ብቻ አዘጋጅተናል፦ ለምን ይህን ያህል? በአገር ቤትስ ከየት ይገኝ ነበር? አራት ሰው ለሚኖርበት ቤት አምስት ኪሎ ሽንኩርት ለምን እንደሚገዛ ስንጠይቅ፣ «እናንተ አራት ናችሁ፤ የሚመጣውን እንግዳ ማን ቆጠረው?» አሉን። ጤፍ ላይ ሲደርሱ ዝርዝሩ ቆመና ጎንደር፣ የአባታቸው አውድማ መጣ። ቅቤ የት አለ ስንልማ ሳቁብን፤ ሥጋና ወተት አይቀላቀልም፣ ዶሮ ወጡ በዘይት ነው።

ድምፁ ከተገኘ ምስሉ አያስቸግርም። ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉና አትነካኩት፤ ሽንኩርቱ ሲከተፍ ዝም ብሎ ይቅረጽ። የቤልጅጓ ዳይሬክተር ሻንታል አኬርማን በ1975 በሠራችው «ዣን ዲልማን» ውስጥ ሴትዮዋ ድንች ስትልጥ ካሜራው አይነቃነቅም። ያ ፊልም ከሦስት ሰዓት ያልፋል፤ ለእኛ ሦስት ደቂቃ ይበቃናል። ወረቀቷንም በቅርብ ቅረጿት። ቆፍና ካፍ በዛሬው ዕብራይስጥ አንድ ድምፅ ስለሆኑ፣ ትንሹ ልጅ «ቅመም»ን «ክመም» ብሎ አነበበ፤ እናቱ ሦስት ጊዜ አረሙት፣ በሦስተኛው ሁላችንም ሳቅን። ዓርብ ስትቀርጹ ግን በጊዜ ጨርሱ፤ ሰንበት ከገባ ካሜራ የለም።

አስቸጋሪው ከቀረጻ በኋላ ያለው ነው። በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በቻይና ዩናን ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ኑሯቸውን ራሳቸው እንዲያሳዩ አድርገዋል፤ ዘዴው ፎቶቮይስ ይባላል። እኛ ይህን በክፍል ተምረን ፈተና አልፈንበታል፤ ቢሆንም ቪዲዮውን ለእናትየው ሳናሳይ ልንልከው ምንም አልቀረንም። አሳየናቸው። ስለ ራሳቸው የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ፣ «ይህ የቤት ነው፣ አውጡት» አሉ።

ከቪዲዮው ሁሉ የወደድነው እሱን ነበር። መምህራችንም ይወዱት ነበር ብለን እናስባለን። አንድ ቀን ተከራከርንና ቆረጥነው፤ እዚህም አንጽፈውም። ፈቃድ ሁለት ጊዜ ጠይቁ፦ ከመቅረጻችሁ በፊት፣ እንደገና ደግሞ ካዩት በኋላ። በቆረጥነው ቦታ አሁን የሚሰማው ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነው።